ሰርዶ፡- ከአህያዋ በኋላም የሚበቅለው አረም

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም፡፡ ተረቱን የምንጠቅሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ደንታ የሌለውን ራስ ወዳድ ለመንቀፍ ነው፡፡ ስለ አህያዋ ብዙ ተብሏል፡፡ ስለ ሰርዶው ግን የተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል፡፡ እኔም የሕግ ሰው እንጂ የግብርና ሰው ባለመሆኔ፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሰርዶን የማውቀው በተረቱና በግቢዬ በተነጠፈው ሣር ነበር፡፡

ነገሩን በቅጡ እንድመረምረው ያስገደደችኝ አክስቴ ነች፡፡ ምንጃር ውስጥ ግማሽ ሔክታር፣ በአካባቢው አነጋገር ሁለት ጥማድ መሬት አላት፡፡ ባሏ ካረፈ በኋላ ማረስ ስላልቻለች መሬቱን በየዓመቱ ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፡፡ አንዱ አንድ ዓመት አርሶ ይተዋል፣ ሌላው በተራው ይመጣል፡፡ በስድስተኛው ዓመት ግን የሚወስደው ጠፋ፡፡ የመጨረሻው አራሽ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ «እትዬ፣ መሬትዎ ጤፍ አያበቅልም፤ የሚያበቅለው ሰርዶ ነው፡፡ እኔ ከበሬዎቼ ጋር ሰርዶ ስጎትት ከርሜ እኩል ላካፍል አልችልም» አላት፡፡ አክስቴ ደግሞ፣ «እሱ ነው በደንብ ሳያርስ መሬቴን ያበላሸው» ብላ ትከሰዋለች፡፡ ስልክ ደውላም፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህና ፍረድ፤ ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ፡፡

ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሕግ ጋር ኖሬ ይህን ያህል ያስቸገረኝ ጥያቄ ጥቂት ነው፡፡ ምክንያቱም ለመፍረድ በመጀመሪያ ተከሳሹን ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ተከሳሹ ደግሞ አራሹ ሳይሆን ሰርዶው ነው፡፡

ለመሆኑ ሰርዶ ምንድነው?

ሰርዶ ከሣር ወገን ነው፡፡ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይኖዶን ዳክታይሎን ይባላል፡፡ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ የውሻ ጥርስ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣት ማለት ነው፡፡ ጣት የተባለው አበባው ከአገዳው ጫፍ ላይ እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሆኖ ስለሚወጣ ነው፡፡ ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ከሌላ የሣር ወገን ጋር መድቦት የነበረ ሲሆን፣ አሁን የሚታወቅበትን ስም ያገኘው በ1805 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የቤርሙዳ ሣር ይሉታል፡፡ ስሙ ቤርሙዳ ይሁን እንጂ ብዙ ሊቃውንት የአፍሪካ ተወላጅ እንደሆነ ያምናሉ፡፡ ዛሬ ሙቀት ባለበት የዓለም ክፍል ሁሉ ይገኛል፡፡

በ1977 እ.ኤ.አ. ሊሮይ ሆልም የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር የዓለምን አስከፊ አረሞች በደረጃ የዘረዘሩበት ታዋቂ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፡፡ አንደኛ ያደረጉት ከእኛ እንግጫ ጋር የሚዛመደውን፣ ከመሬት በታች እንደ ፍሬ ያለ እብጠት የሚያበጀውን ተክል ነው፡፡ ሁለተኛውን ደረጃ ያገኘው ሰርዶ ነው፡፡ ይህ ማለት አህያዋ ቅር የተሰኘችበት ሣር በዓለም ገበሬዎች ዘንድ ከአንድ በስተቀር አቻ ያልተገኘለት ባላጋራ ነው ማለት ነው፡፡

የከተማ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፡፡ እግር ኳስ ሜዳ ላይ፣ በሆቴል ግቢ፣ በመኖሪያ ቤታችን ደጃፍ በገንዘባችን ገዝተን የምንተክለው ሣር ብዙ ጊዜ ይኸው ሰርዶ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው፡፡ ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው መርገም ነው፡፡ አረም የሚባለው ተክል በባሕርዩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ባልተፈለገበት ቦታ ስለተገኘ ነው፡፡

ዓመታዊ አረምና ቋሚ አረም

አረሞች በዕድሜያቸው በሁለት ይከፈላሉ፡፡ አንደኞቹ ዓመታዊ ናቸው፡፡ ከዘር ይበቅላሉ፣ ያብባሉ፣ ዘር ያፈራሉ፣ ይሞታሉ፡፡ ማሽላውን ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው አቀንጭራ ዓመታዊ ነው፡፡ ሜዳውን ሁሉ የሞላው ቅንጨ አረምም እንዲሁ ዓመታዊ ነው፡፡ እነዚህን ለማሸነፍ ዋናው ብልሃት ዘር ከማፍራታቸው በፊት መድረስ ነው፡፡ አቀንጭራን በተመለከተ ደግሞ የተሻለው መፍትሔ የተገኘው ከማሽላው ዘር ነው፡፡ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው የ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል፡፡

ሁለተኞቹ ቋሚ አረሞች ናቸው፡፡ እነዚህ ከዓመት ዓመት የሚኖሩ፣ ላያቸው ቢደርቅ ወይም ቢታጨድ ከመሬት በታች ባስቀመጡት ስንቅ ተመልሰው የሚያቆጠቁጡ ናቸው፡፡ ሰርዶ ከነዚህ ነው፡፡ እንግጫም ከነዚህ ነው፡፡ በደጋውና በቡና አገሮቻችን የሚታወቀውና የአገራችንን ስም ይዞ ዲጂታሪያ አቢሲኒካ የተባለው የሰርዶ መሳይ ሣርም ከነዚሁ ነው፡፡

ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ አይደለም፡፡ ዓመታዊ አረም የአንድ ወቅት ጉዳይ ነው፡፡ ቋሚ አረም ግን የዘንድሮ ቸልተኝነት ለከርሞና ለከርሞ በስቲያ የሚተላለፍበት፣ እንደ ዕዳ የሚወራረስ ነገር ነው፡፡ ሕግ ተማሪ ሳለሁ ዕዳ ከመሬት ጋር አብሮ ሊተላለፍ እንደሚችል ተምሬያለሁ፡፡ ሰርዶም እንዲሁ ነው፡፡

ሰርዶ እንዴት ያድጋል?

ሰርዶ ሦስት የመራቢያ መንገዶች አሉት፡፡

አንደኛው ዘር ነው፡፡ ጥቃቅን ዘሩን ጎርፍ፣ የከብት እበትና የመስኖ ውኃ ያጓጉዙታል፡፡ ሁለተኛው መሬት ለመሬት የሚሳበው ግንዱ ነው፡፡ ይህ ግንድ በየአንጓው ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል እያወጣ ይራመዳል፡፡ ግቢ ውስጥ ሣሩ የድንጋይ ንጣፉን ተሻግሮ ወደ አበባ መደቡ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ሦስተኛውና ለገበሬው ዋና ፈተና የሆነው ከመሬት በታች የሚጓዘው ነጣ ያለ፣ ጠንካራና ጫፉ ሹል የሆነ ግንድ ነው፡፡ ብዙ ሰው ሥር ይለዋል፡፡ በትክክል ሲታይ ግን ሥር ሳይሆን መሬት ውስጥ የተደበቀ ግንድ ነው፡፡ ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም፡፡ ግንድ አንጓ አለው፣ በአንጓው ላይ ደግሞ እንቡጥ አለ፡፡ አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ እርጥበት ካገኘ ራሱን የቻለ አዲስ ሰርዶ ይሆናል፡፡

የዚህ የመሬት ውስጥ ግንድ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው በላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፡፡ በልል አፈርና ተደጋግሞ በታረሰ ማሳ ግን ከዚያም ዘልቆ ይወርዳል፡፡ ቅጠሉ ከፀሐይ ያገኘውን ምግብ ወደዚህ ግንድ እየላከ ያጠራቅማል፡፡ በጋ ሲመጣ ላዩ ይደርቃል፣ ግንዱ ግን ያሸልባል እንጂ አይሞትም፡፡ ዝናብ ሲጥል ከሰብሉ ዘር ቀድሞ ያቆጠቁጣል፡፡ ምክንያቱም ጤፉ ከአንዲት ደቃቅ ፍሬ ሲነሳ፣ ሰርዶው የሚነሳው ከሞላ ጎተራ ነው፡፡

ሰርዶ ሙቀት ይወዳል፡፡ ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከጤፍ ጋር አንድ የሚያደርገው የፀሐይን ብርሃን በሙቀት ውስጥ በብቃት የመጠቀም ችሎታ አለው፡፡ ቀኑ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን በደንብ ይስፋፋል፡፡ ድርቅ ይችላል፣ ጨዋማ አፈር ይችላል፣ የከብት ግጦሽና ርግጫ ይችላል፡፡ በዚህ ምክንያት በመስኖ በሚለሙ ቆላማ አካባቢዎች የጥጥና የሸንኮራ አገዳ ማሳዎችን የሚፈታተን አረም ሆኗል፡፡

አንድ ነገር ግን አይችልም፡፡ ጥላ አይችልም፡፡ ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ፡፡

ማረሻው ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

የአክስቴ አራሾች ሁሉ አርሰዋል፡፡ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም፡፡ ታዲያ ሰርዶው ለምን በዛ? መልሱ መቼ አረሱ በሚለው ላይ ነው፡፡

የእኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፡፡ ሰርዶ ባለበት ማሳ ሲያልፍ የመሬት ውስጡን ግንድ ይቆራርጣል፣ የተወሰነውንም በትልሙ እየጎተተ ወደ ሌላው የማሳ ጫፍ ያደርሳል፡፡ አፈሩ እርጥብ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ይጸድቃል፡፡ በክረምት መግቢያ፣ ዝናብ ሲያረካ በሬ ጠምዶ ሰርዶ ያለበትን መሬት ማረስ ማለት ሰርዶን ቆራርጦ እንደ ድንች መትከል ማለት ነው፡፡ የአንድ ዓመት አራሽ ደግሞ መሬቱን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ሲቃረብ ነው፡፡

ይኸው እርሻ በበጋ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፡፡ መኸሩ እንደተነሳ አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ የታረሰ መሬት ጓሉ ይነሳል፣ ግንዱም ለፀሐይና ለንፋስ ይጋለጣል፡፡ የሰርዶ ግንድ ከያዘው እርጥበት አብዛኛውን ሲያጣ ይሞታል፡፡ በጠራ ፀሐይ ከአንድ ሳምንት በላይ ላዩ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ቁራጭ ተመልሶ የመብቀል ዕድሉ የመነመነ ነው፡፡ ስለዚህ በበጋ ሁለት ሦስት ጊዜ እያረሱ የታችኛውን ወደ ላይ ማውጣት፣ የወጣውን በእጅና በመንሽ ለቅሞ ከማሳው ማስወጣት፣ ሲደርቅም ማቃጠል ወይም ለከብት መስጠት ተገቢ ነው፡፡ ለቅሞ ድንበር ላይ መከመር ግን አይጠቅምም፡፡ ከድንበሩ ተመልሶ ይገባልና፡፡

ሁለተኛው መርሕ ስንቁን ማስጨረስ ነው፡፡ አዲስ የወጣ ቡቃያ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች የሚያወጣው ከታች ካለው ስንቅ እየበላ ነው፡፡ በጥቅሉ ሲታይ ሦስትና አራት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ተበዳሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ማጠራቀም ይጀምራል፡፡ ስለዚህ ከፋይ ከመሆኑ በፊት ደጋግሞ መቁረጥ ግንዱን ያከስረዋል፡፡ አንድ ጊዜ ብቻ ቆርጦ መተው ግን ትርፉ ድካም ነው፡፡ ጓሮ ላላቸው የከተማ ሰዎችም የሚሠራው ይኸው ነው፡፡ በዶማና በድጅኖ አፈሩን አላልቶ ግንዱን ሳይበጥሱ እየሳቡ ማውጣት፣ ከዚያም ሳይሰለቹ መመላለስ ያስፈልጋል፡፡ ትንሽ መደብ ከሆነ ሣሩን በጣም አሳጥሮ አጭዶ፣ አጠጥቶ፣ በሞቃት ወራት ለ6 ሳምንት ያህል በላስቲክ ግጥም አድርጎ መሸፈንም ብዙውን ይገድላል፡፡

ጥላና የሰብል ፈረቃ

ሰርዶ ጥላ አይችልም ብያለሁ፡፡ ይህ ለገበሬው ትልቅ ሲሳይ ነው፡፡ ጤፍ አጭርና ቅጠሉ ቀጭን በመሆኑ ለሰርዶ ጥላ አይሆንበትም፡፡ ከዚህም በላይ ጤፍ ራሱ ሣር ስለሆነ በቡቃያነቱ ከሰርዶ ለይቶ ማረም ዓይን ያፈዝዛል፣ ወገብ ይቆርጣል፡፡ ጤፍ በጤፍ ላይ፣ ወይም ጤፍ በስንዴ ላይ እያፈራረቁ መዝራት ሰርዶን ሳይነኩት እንዲኖር መፍቀድ ነው፡፡

ቶሎ የሚሸፍን ሰብል ግን ሁኔታውን ይለውጠዋል፡፡ ቦሎቄ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ሲዘራ፣ ዱባ ወይም ስኳር ድንች መሬቱን ሲያለብስ፣ በቆሎ ሥር ጥራጥሬ ሲገባ ሰርዶው ከሥር ይገረጣል፡፡ አይሞትም፣ ግን ይደክማል፡፡ በዚህ ላይ በመስመር የተዘራ ሰብል ለኩትኳቶ ይመቻል፡፡ ድንች ደግሞ ሲቆፈር መሬቱ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚገለበጥ ሰርዶውን ለመልቀም ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል፡፡

ኬሚካሉስ?

አሁን ወደ አወዛጋቢው ጉዳይ ልግባ፡፡ ከአክስቴ አራሾች አንዱ በከተማ ካለ ሱቅ ፀረ አረም ገዝቶ ሁለት ጊዜ ረጭቷል፡፡ ሻጩ፣ «ሁሉንም ያጠፋል» ብሎታል፡፡ የተሸጠለት ግን ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው ነበር፡፡ ይህ ኬሚካል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በ1940ዎቹ ለገበያ የቀረበ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች የሚገድልና ሣርን የሚምር ነው፡፡ በጤፍና በስንዴ ማሳ የተወደደውም ለዚሁ ነው፡፡ ሰርዶ ሣር ነውና አልነካውም፡፡ እንዲያውም ተቀናቃኞቹን ስለገደለለት ሰፊ ቦታ አገኘ፡፡ አራሹ ገንዘቡን ከፍሎ ጠላቱን ረዳ፡፡

ለሰርዶ የሚሠሩ ኬሚካሎች በሁለት ይከፈላሉ፡፡ የመጀመሪያዎቹ እንደ ፍሉአዚፎፕና ሃሎክሲፎፕ ያሉ ሣርን ብቻ የሚያጠቁ ናቸው፡፡ እነዚህ እንደ ቦሎቄ ባሉ ሰፋፊ ቅጠል ሰብሎች ውስጥ ሊረጩ ይችላሉ፤ ጤፍና ስንዴ ላይ ግን ሰብሉንም ያጠፋሉ፡፡ በስንዴና በጤፍ ውስጥ አንዳንድ ዓመታዊ ሣሮችን የሚቆጣጠሩ ኬሚካሎች ቢኖሩም፣ ሥር የሰደደ ሰርዶን ከሰብሉ ለይተው የሚያጠፉ አይደሉም፡፡ ሁለተኛው ግላይፎሴት ነው፡፡ በ1970 እ.ኤ.አ. ጆን ፍራንዝ የተባሉ የሞንሳንቶ ኩባንያ ኬሚስት አረም ገዳይነቱን አገኙ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ራውንድአፕ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፡፡ ግላይፎሴት አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ይገድላል፡፡ ስለዚህ የሚረጨው ሰብል ከመዘራቱ በፊት ወይም ከተነሳ በኋላ ነው፡፡

ለቋሚ አረም ተመራጭ ያደረገው ከቅጠል ገብቶ ምግቡ በሚሄድበት መንገድ ወደ መሬት ውስጡ ግንድ መውረዱ ነው፡፡ ይህ ማለት ግን ሰርዶው ምግብ ወደ ታች በሚልክበት ሰዓት፣ ማለትም ለምልሞና በቂ ቅጠል ይዞ በሚያድግበት ጊዜ መረጨት አለበት፡፡ በድርቅ የጠወለገ፣ አቧራ የለበሰ ወይም ገና የታጨደ ሰርዶ ላይ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፡፡ ከረጩ በኋላ ወዲያው ማረስም መድኃኒቱ ወደ ታች ሳይደርስ ግንዱን መቁረጥ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል፡፡ አንድ ርጭትም ሁሉን አይጨርስም፤ ያሸለቡ እንቡጦች ዘግይተው ይነሳሉና፡፡

ጤናን በተመለከተ ዓለም አልተስማማም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ሳይሆን ከፍ ብሎ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በተቃራኒው ቢደመድምም፣ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. የዚህን ውሳኔ የጤና ክፍል ሽሮታል፡፡ ሞንሳንቶን በ2018 እ.ኤ.አ. የገዛው የጀርመኑ ባየር ከሳሾችን ለማስማማት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፍል በ2020 እ.ኤ.አ. አስታውቋል፤ ኃላፊነትን ግን አላመነም፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ለ10 ዓመት አድሷል፡፡

ሊቃውንትና ዳኞች ያልተስማሙበትን እኔ አልፈታውም፡፡ አንድ ነገር ግን በድፍረት እናገራለሁ፡፡ በአውሮፓ የሚከራከሩት ጓንት፣ ቦቲና መሸፈኛ ልብስ ለብሶ ስለሚረጭ ሰው ነው፡፡ በእኛ አገር የሚረጨው ገበሬ ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ ነው፡፡ መርጫው ጀርባው ላይ ያንጠባጥባል፣ ባዶውን ጠርሙስ ሚስቱ ለዘይት ትጠቀምበታለች፡፡ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ደንግጓል፡፡ ፀረ-ተባይ ሲባል ፀረ አረምንም ይጨምራል፡፡ ሕጉ መልካም ነው፡፡ ሆኖም አንድ ሻጭ ሣር ለማይገድል መድኃኒት «ሁሉንም ያጠፋል» ብሎ ሲምል ከጎኑ ቆሞ የሚጠይቀው ከሌለ፣ ሕጉ ከነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ማሳ አልደረሰም ማለት ነው፡፡

መሬቱና ውሉ

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ፡፡ ጥፋቱ የማን ነው?

ሰርዶን ከአንድ ማሳ ለማስወጣት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የተከታታይ ሥራ ይጠይቃል፡፡ ወጪው ያለው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው፡፡ ለአንድ ዓመት ብቻ የተዋዋለ እኩል አራሽ ታዲያ ለምን ብሎ በበጋ ሦስት ጊዜ ያርሳል? የሚለፋው ለተተኪው ነው፡፡ የሚጠቅመው በክረምት መግቢያ አርሶ የተገኘችውን አፍሶ መሄድ ነው፡፡ ይህን ሲያደርግ ሰርዶውን አባዝቶ ለቀጣዩ ያስረክባል፡፡ ቀጣዩም እንደዚሁ፡፡ ማንም ክፉ ሳይሆን መሬቱ ተበላሸ፡፡ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ተገልብጣ «እኔ ከሄድኩ ሰርዶ ይብቀል» የሚል አራሽ አፈራን፡፡ እንዲህ እንዲል ያደረገው ግን ጠባዩ ሳይሆን ውሉ ነው፡፡

ሕጋችን የመሬት ተጠቃሚ መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፡፡ ይህ ግዴታ በ1997 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ውስጥ ነበረ፤ ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል፡፡ በሌሎች አገሮች ለአረም የተለየ ሕግ አለ፡፡ ለምሳሌ የእንግሊዝ የ1959 እ.ኤ.አ. የአረም ሕግ አምስት አረሞችን በስም ጠቅሶ፣ እንዳይስፋፉ እርምጃ እንዲወስድ ባለይዞታውን ማዘዝ እንዲቻል ያደርጋል፡፡ እኔ ግን ለሰርዶ አዋጅ ይውጣ አልልም፡፡ ድንበር ላይ ለበቀለ ሣር ጎረቤትን ከጎረቤት ማካሰስ ለእኛ አገር ሌላ የችግር በር መክፈት ነው፡፡ የሚያስፈልገው ውሉን ማስተካከል ነው፡፡

ለአክስቴና ለአራሹ በሽማግሌዎቹ ፊት ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነበር፡፡ ውሉ የሦስት ዓመት ይሁን፡፡ በመጀመሪያው ዓመት አራሹ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ያርስ፣ የተነሳውን ሰርዶ ይልቀም፤ በምላሹ የዚያን ዓመት ምርት ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይውሰድ፡፡ በሁለተኛው ዓመት ቦሎቄ ይዝራ፣ ሢሶውን ለባለመሬቷ ይስጥ፡፡ በሦስተኛው ጤፍ ይዝራ፣ እኩል ይካፈሉ፡፡ ሲረከብና ሲያስረክብ ሽማግሌዎች ማሳውን ዞረው ይዩ፤ ያዩትም በወረቀት ይስፈር፡፡ ኬሚካል የሚያስፈልግ ከሆነ ወጪው የጋራ ይሁን፣ የሚገዛውም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አይቶት ይሁን፡፡

አክስቴ በመጀመሪያ ተቆጣች፡፡ «አንድ ዓመት ሙሉ ምን ልብላ?» አለች፡፡ ጥያቄዋ ትክክል ነበር፡፡ የውሉ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፤ የመሬት ማገገሚያ ዓመት የሚከፈለው ከአንድ አቅመ ደካማ ሴት ጎተራ ነው፡፡ ያንን ዓመት እኔና የአጎቴ ልጆች እህል አዋጥተን ተሻገርነው፡፡ ሁሉም ባለመሬት ከተማ ዘመድ እንደሌለው ግን አውቃለሁ፡፡ ብድርና ድጋፍ የሚሰጡ አካላት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ያበደሩትን ያህል ለአንድ የማገገሚያ ዓመት ቢያበድሩ ምን ነበረበት እያልኩ የማስበው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሰርዶን መበቀል አይገባም

ፍርድ ሚዛናዊ መሆን ስላለበት የተከሳሹንም በጎ ጎን ልመስክር፡፡ ሰርዶ ግሩም የከብት መኖ ነው፡፡ ተግጦ ቶሎ ያንሰራራል፡፡ ለአረምነቱ ምክንያት የሆነው ያ የመሬት ውስጥ ግንድ አፈር አቅፎ ስለሚይዝ እርከንና የውኃ መውረጃ ቦይ እንዳይሸረሸር ይከላከላል፡፡ በሕንድ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ዘንድ ለጋኔሻ የሚቀርብ ቅዱስ ሣር ነው፡፡ ተዳፋት መሬት ላይ ያለን ሰርዶ አጥፍቶ አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ከጥፋት ሁሉ የከፋ ነው፡፡ ስለዚህ ዓላማው ከምድር ገጽ ማጥፋት ሳይሆን ቦታውን ማስያዝ ነው፡፡ እርከን ላይ ይኑር፣ ማሳ ውስጥ አይግባ፡፡ በሁለቱ መካከል በየጊዜው የሚኮተኮት አንድ ክንድ ያህል ባዶ መሬት መተው ይበቃል፡፡

ለማጠቃለል

ሰርዶ ያለበት መሬት የያዘ፣ የሚከራይ ወይም ለዘመድ የሚመክር ሰው እነዚህን ነጥቦች ቢይዝ ይጠቀማል፡፡ ሰርዶ ያለበትን ማሳ በእርጥብ አፈር አታርሱ፤ በበጋ እረሱ፣ ልቀሙ፣ አድርቁ፡፡ ከሦስትና ከአራት ቅጠል በላይ እንዳያወጣ ደጋግማችሁ ቁረጡ፡፡ ቀጥሎ የምትዘሩት የሚያጠላ ሰብል ይሁን፡፡ ኬሚካል ከተጠቀማችሁ ለሣር የሚሆነውን ለዩ፣ ለምልሞ ሳለ እርጩ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ዕቃውን ለምግብ አታውሉ፡፡ ከሁሉም በላይ ውላችሁ ከአረሙ ዕድሜ አይጠር፡፡

የአክስቴ መሬት ባለፈው መኸር ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል፡፡ ጤፉ የድሮውን ያህል ባይሆንም እኩል ለመካፈል የሚበቃ ተገኝቷል፡፡ ሰርዶው ጨርሶ አልጠፋም፤ በታችኛው ድንበር በኩል አሁንም ብቅ ይላል፡፡ አራሹ ውሉን ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ለማደስ ጠይቋል፡፡ አክስቴም፣ «ልጄ፣ ሰርዶውን የሚያውቅ እሱ ነውና ይቆይ» ብላኛለች፡፡ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም፡፡